የቃናቱ ሙሽራ

በየአሥራ ሁለት ዓመቱ የሚዞረው የጥንቸል ዓመት ሲገባ ተራራው በረዶ አልለበሰም ነበር። ዝናብ አንድ ቀን ጣለ፤ አቧራውን እንኳ ሳያስተኛ ተወ። ስንዴው ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ቢጫ ሆነ። ከዓመቱ ሁለተኛ በሆነው በሰውር ወር ፍየሎቹ ተሸጡ፣ በተከታዩ በጀውዝ በጎቹ። ሐሩሩ በሚጀምርበት በሸርጣን የቁርቁራ ዛፎች ቅጠላቸውን አረገፉ። ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት አራስ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ቀን መቁጠሩም ታከተን።

እኔ ኢማምቆሊ የሳንጋብ የውሃ አባት ነኝ። ውሃችን ከተራራው ሥር ይነሣና የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል በምድር ሆድ ውስጥ፣ አባቶቻችን በቆፈሩት ዋሻ ይሄዳል። ዋሻውን ቃናት እንለዋለን። በላዩ ስልሳ ጉድጓዶች በተርታ ተከፍተዋል፤ ቆፋሪ የሚወርደው፣ ጭቃ የሚወጣው በእነሱ ነው። ውሃው ብርሃን የሚያየው ከከተማው በላይ፣ ከትልቁ የቺናር ዛፍ ሥር ነው። እኔ እዚያ ተቀምጬ ጣሳዬን እጠብቃለሁ። ጣሳዋ መዳብ ናት፤ ከሥሯ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ አለቻት። ውሃ በሞላው ጋን ላይ ትንሳፈፋለች፣ ቀስ እያለች ትሞላለች፣ ትሰጥማለች። ከመንሳፈፍ እስከ መስጠም ወደ አንድ ሰው ማሳ የሄደው ውሃ አንድ ጣሳ ይባላል። ስትሰጥም ቦዩን ዘግቼ የሚቀጥለውን እከፍታለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው፣ የአባቴም ይኸው ነበር።

በሌላው ዓመት በቃናቱ አፍ ላይ ጉልበቴ የሚደርሰው ውሃ በዚያ ሸርጣን ቁርጭምጭሚቴን አልሸፈነም።

ሐሩሩ በሚበረታበት በአሰድ ወር መግቢያ ከአገረ ገዢው ከተማ ከመሽሃድ ደብዳቤ መጣ። በወሩ በአሥራ አምስተኛው ቀን መርማሪ ይመጣል። ለመንገደኛውና ለመንግሥት ፈረሶች የሚበቃ ውሃ ካጣ፣ የወረዳው ገዢ የናይቡ ወንበር ከሳንጋብ ተነሥቶ ወደ ቡርዛድ ይዛወራል።

ሳንጋብ አራት መቶ ጭስ፣ ማለት አራት መቶ ቤት ናት። ቡርዛድ ስድስት መቶ ናት፣ ገበያዋም ጣሪያ አለው። ባንዲራው ግን የኛ ነው። ናይቡ እኛ ዘንድ ተቀምጦ ሃያ ሦስት መንደር ይዳኛል። ሰው ለድንበር ጠብ፣ ለውርስ፣ ለማኅተም ወደኛ ይመጣል፤ ሲመጣ አህያውን ያስራል፣ ዳቦ ይገዛል፣ ጢሙን ይላጫል። በበሩ ላይ መድፍ አለን። ተኩሶ አያውቅም፤ በአፉ ውስጥ እርግብ ትፈለፍላለች። እስር ቤትም አለን። በዚያ ዓመት አንድ እስረኛ ነበረን፣ ጎርጋሊ የሚባል በግ ሌባ፤ ወደ ማታ እናቱ ዘንድ ሄዶ ራቱን ይበላና ተመልሶ ራሱ በሩን ይዘጋል። የቡርዛድ ሰዎች በዚህ ይስቃሉ። ይሳቁ።

ናይባችን ሻህወርዲ ኻን ወፍራም፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎ የሚበርድ ሰው ነበር። ደብዳቤው በደረሰ ማግስት ትልልቆቹን ከቺናሩ ሥር ሰበሰበ። ጸሐፊው ሚርዛ ዘይናል ቀለምዳኑን፣ የብዕር መያዣውን፣ በመቀነቱ ሰክቶ አጠገቡ ቆመ። ብዙ ተባለ። በመጨረሻ የከተማው ፀጉር ቆራጭ፣ ቃናቱን እንዳረው አለ።

አዲስ ነገር አይደለም። አያቴ አንድ ጊዜ አይቷል። ወንድ የሆነ ቃናት ሚስት ካጣ ይቀዘቅዛል ይላሉ። የኛው ውሃ ሳሙና አያረፋም፣ ምስር አያበስልም፤ ወንድ ነው፣ በዚህ ማንም አልተከራከረም። ስድስት መቶ ዓመት ያለ ሚስት የኖረ ወንድ ቢደርቅ አይገርመኝም አለ ፀጉር ቆራጩ። ሙላ ቆርባን እንዲህ ያለ ጋብቻ በየትኛውም መጽሐፍ የለም አለ። ቀጥሎም የከለከለ መጽሐፍም አላየሁም አለ። የእሱም ማሳ ደርቆ ነበር።

ሙሽራዋ መበለት መሆን አለባት። በወር አንድ ጊዜ በውሃው ትታጠባለች፣ ሌላ ባል አታገባም። ከተማው በየዓመቱ ሠላሳ ቁና ስንዴ ይሰፍርላታል። በሳንጋብ አምስት መበለቶች ነበሩ። ሁሉም የአንዷን ስም ጠሩ፣ የማህለቃን። ከዚያ ሁሉም እኔን አዩ፤ ከውሃው ወገን ለሽምግልና የሚሄድ የውሃ አባት ነውና።

እምቢ ማለት እችል ነበር። ወደ ማህለቃ ደጅ መሄድ ለምን እንደሚከብደኝ ግን ልናገር።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ባለፈው የጥንቸል ዓመት፣ እንዲሁ ድርቅ ነበር። የማህለቃ ባል ኡስታ ያድጋር የቃናት ቆፋሪዎች አለቃ ነበር። እኔ አርባ የሮማን ችግኝ ተክዬ፣ ተራዬ እስኪደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ችግኞቹ አንገታቸውን ደፉ። ያድጋር ሳልለምነው መጣና፣ የዛሬው ሦስት ጣሳዬ ወዳንተ ይሂድ አለኝ። በመከር እመልስልሃለሁ አልሁት። ሳቀ።

«በመከር ውሃ ማንም ይሰጠኛል። በአሰድ የተበደርኸውን በአሰድ መልስ።»

ሕጉም ይኸው ነው። የሐሩር ውሃ በብርድ አይከፈልም።

ያድጋር ውሃውን በሰጠኝ በስምንተኛው ቀን ከአሥራ ሰባተኛውና ከአሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ መካከል ሲጠርግ ጣሪያው ተናደበት። ሦስት ቀን ቆፈርን። በቆፈርን ቁጥር ይወርዳል። በአራተኛው ቀን የዚያን ጊዜው ናይብ፣ ከተማ በጥም ከሚያልቅ አንድ ሰው ይቅር አለና በፍርስራሹ ጎን ዞሮ የሚያልፍ ጠባብ መንገድ እንዲቆፈር አዘዘ። ውሃው ዞሮ መጣ። ያድጋር እዚያው ቀረ። ሙላ ቆርባን በጉድጓዱ አፍ ላይ ሰገደበት፣ እኛም ወደየማሳችን ሄድን። እኔም ሄድሁ።

ማህለቃ ማሳዋን ለዳቦ ሸጠች። ውሃ ደግሞ በእጅ አይሰጥም፤ መሬት ላይ ነው የሚፈስሰው። መሬት ለሌላት ሴት ሦስት ጣሳ ውሃ የት ላፍስስላት? ስንዴ ወሰድሁላት፤ መለሰችው። ሮማኖቹ ሲያፈሩ አንድ ቅርጫት ወሰድሁላት። ፍሬውን ለጎረቤት አደለችና ቅርጫቱን መለሰችልኝ። ያድጋር ያበደረህ ውሃ ነው አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ማሰሮዋን ይዛ በፊቴ ታልፋለች። ሰላም እላለሁ፣ ትመልሳለች። ሮማኖቹ ዛሬ ከኔ ይረዝማሉ።

ስደርስ ሸማ እየሠራች ነበር። የምትሠራው ነጭ ጥጥ ነው፣ ቆፋሪዎች የሚለብሱትን። ወደ ምድር ሆድ የሚገባ ሰው ነጭ ይለብሳል፤ ከሞተ መገነዣው ከፈኑ በላዩ ነው። ከሳጥኗ ላይ አንድ ጥቅል ነጭ ጨርቅ አየሁ። እጥፋቱ ቢጫ ሆኗል፤ ከተሠራ ብዙ ዓመት አልፎታል።

የመጣሁበትን ነገርኋት። መወርወሪያዋን አላቆመችም።

«ሙሽራው ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስድስት መቶ ይሉታል።»

«ጤናውስ እንዴት ነው?»

«ጤና ቢኖረው ወዳንቺ እንመጣ ነበር?»

ሳቀች። ከያድጋር ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። ስለ መታጠቡ ነገርኋት፣ ስለ ሠላሳው ቁና ስንዴ ነገርኋት፣ ሌላ ወንድ እንዳታይ የሚለውንም ነገርኋት። ይህን ስል ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም አንገቴን ደፋሁ።

«እሺ ብላለች በላቸው። መህሬን፣ ጥሎሼን፣ ግን እኔው ነኝ የምናገረው፣ በሰው ሁሉ ፊት። አስቀድሞ ማንም አይጠይቀኝ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «አንተም ወንድም ኢማምቆሊ፣ ያን ቀን ከኔ ርቀህ አትቁም።»

ሰርጉ በአሰድ በስምንተኛው ቀን ሆነ፣ በቀትር። ከበሮና ዙርና የሚባለው ዋሽንት ነበር። መርማሪው እስኪመጣ ብታልቅም ትለቅ ተብሎ የኻኑ የመጨረሻ ስኳር ወጣ። ማህለቃን ነጭ አልብሰው፣ የኻኑን በቅሎ ቀይ ጥለት አልብሰው፣ እስከ ቺናሩ አመጧት። ሴቶች በራሷ ላይ ጨርቅ ዘርግተው፣ ትዳሩ እንዲጣፍጥ ስኳር ፈተጉ። ውሃው ከእግሯ ሥር እንደ ክር ይፈስሳል። ለሙሽራው ወኪል ያስፈልግ ነበርና ኻኑ ራሱ ቆመ፤ ረጅሙን የበግ ግልገል ቆዳ ባርኔጣ አድርጎ፣ የብር መቀነቱን አጥብቆ፣ እንደ እውነተኛ ሙሽራ አልቦት።

ሙላ ቆርባን አንድ ቁርዓን፣ አንድ መስተዋት፣ ሁለት መቅረዝና በየዓመቱ ሠላሳ ቁና ስንዴ መህር ብሎ ጠየቃት። ሙሽራ በመጀመሪያው አትመልስም። ሴቶቹ እንደ ወጉ፣ አበባ ልትለቅም ሄዳለች አሉ። የት አግኝታ አለ ፀጉር ቆራጩ። ሁለተኛ ተጠየቀች። የጽጌረዳ ውሃ ልታመጣ ሄዳለች አሉ። በሦስተኛው ድምፅዋ ከመሸፈኛው ሥር ጥርት ብሎ ወጣ።

«ስንዴው ይቅርባችሁ። መስተዋቱም ይቅር። መህሬ በሙሽራው ጉሮሮ ውስጥ ያለው ሰው ነው፤ ከአሥራ ሰባተኛውና ከአሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ መካከል። አውጥታችሁ በእጄ ስጡኝ። ያን ቀን ሚስቱ ነኝ።»

ከበሮው ቆመ። ኻኑ ነገሩ ዘግይቶ ነው የገባው።

«የመጀመሪያ ባልሽን ከሁለተኛው ባልሽ በመህር ትጠይቂያለሽ?»

«የበላው እሱ አይደል?»

ሙላ ቆርባን ጢሙን ያዘ። መህር ዋጋ ያለው ነገር መሆን አለበት፣ አጥንት ደግሞ ዋጋ አይወጣለትም አለ።

«ለናንተ ዋጋ ከሌለው፣» አለች ማህለቃ፣ «መስጠቱ ምን ያስቸግራችኋል?»

ኻኑ ፊቱ ቀላ። ወደ ሌሎቹ አራት መበለቶች ዞረ። እነሱም መሸፈኛቸውን ሳብ አደረጉ። ትልቋ፣ እኛም አበባ ለቀማ ሄደናል አለች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

ያን ጊዜ ነው የተናገርሁት። ከእሷ ብዙም አልራቅሁም ነበር።

«ኻን፣ ከናዳው በላይ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ጉድጓድ፣ ውሃው ጉልበት ይደርሳል። እዚህ ቁርጭምጭሚት። መካከል ላይ ያለው ያ ጠባቡ መንገድ ነው። በየዓመቱ እየተቆረሰ ይደፈናል። ያድጋር ያለበት ካልተከፈተ ሰርግ ብቻውን አያጠጣንም።»

«ይህን ካወቅህ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ሦስት ዓመት።»

«ለምን ዝም አልህ?»

ማን ይገባል አልሁት። እውነቱ ይህ ብቻ አልነበረም። ያ ቦታ እንዲከፈት አልፈለግሁም ነበር። የሄድነው ሰዎች ሁሉ አልፈለግንም። ይህ ጥፋቴ ነው፣ አልደብቀውም።

ኻኑ ማህለቃን አየ፣ ውሃውን አየ፣ በቡርዛድ በኩል ያለውን መንገድ አየ። ከዚያ ለሚርዛ ዘይናል፣ ያለችውን ጻፍ አለው። ሚርዛ ዘይናል ተንበርክኮ ጻፈ። እጁ ውብ ነው፤ እንዲያ ያለውንም ነገር አሳምሮ ጻፈው። ኻኑ የማኅተም ቀለበቱን በምላሱ አርጥቦ አሳረፈበት። መርማሪው ሊመጣ ሰባት ቀን ቀርቶታል።

የቀረው ቆፋሪ ነበር። አለቃቸው አሁን ኡስታ ራጀብ ነው። በስድስት ወንዶች ልጆች አባትነቱ፣ በጉልበቱ፣ በዝምታው የታወቀ ሰው። ያ ቦታ የተባለ እንደሆን ፊቱን ያዞራል። በማግስቱ ጠዋት ማህለቃ ወደ ቤቱ ሄደች፤ እኔም አብሬ ሄድሁ። ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሳትጠይቀው ተናገረ።

«ያን ቀን ገመዱን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ከብዶኝ ነበር፣ ድንገት ቀለለ። እስከ ዛሬ እጄ ላይ ይቀለኛል።»

ማህለቃ በብብቷ የያዘችውን ፈታች። አዲስ ነጭ ቀሚስና ሱሪ ነበር፣ ሌሊቱን የሰፋችው።

«እጅጌው እንዳይጠብብህ ለክተህ እየው፣» አለችው።

ራጀብ ልብሱን በጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ከዚያ ተነሥቶ ለበሰው። አልጠበበውም።

ከላይኛው በኩል፣ በአሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ ገቡ። አንድ ክንድ ሲቆፍሩ አንድ የሸክላ ቀለበት ያቆማሉ፣ ጣሪያውን እንዲሸከም። ጭቃው በቆዳ ባልዲ ይወጣል። መዘውሩን እንዲያዞር ጎርጋሊ ከእስር ቤት መጣ። በመጀመሪያው ቀን እየዘፈነ አዞረ። በሁለተኛው ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ሚርዛ ዘይናልን ጠርቶ፣ በግ መስረቅ እንዲህ የሚያስቀጣ መሆኑ ይጻፍልኝ፣ ለሌላው ትምህርት ይሆናል አለው። ያን ጊዜ ኻኑ መጣ። ባርኔጣውን አወለቀና ለሚርዛ ሰጠ፣ ካባውን በላዩ ጣለ፣ የመዘውሩን ሌላ ክንድ ያዘ። የሳንጋብ ናይብና የሳንጋብ እስረኛ ፊት ለፊት ቆመው እስከ ምሳ አዞሩ። ሚርዛ ዘይናል ባርኔጣውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሞ ዋለ። የቡርዛድ ሰው ይህን ቢያይ ይስቅ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ናይባችንን ወደድሁት።

ማህለቃ በየቀኑ እየመጣች ከጉድጓዱ አፍ ትንሽ ፈንጠር ብላ ትቀመጣለች። እንዝርቷን ታሾራለች። ባልዲ በወጣ ቁጥር ታያለች፣ ጭቃ ብቻ እንደ ሆነ ስታውቅ ወደ እንዝርቷ ትመለሳለች።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ መርማሪው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ገመዱ ከታች ሁለት ጊዜ ተሳበ። ሁለት ጊዜ ማለት የውሃ አባት ይውረድ ማለት ነው። ወገቤን አስረው አወረዱኝ። ጎንበስ ብዬ በሸክላ ቀለበቶቹ ውስጥ ሄድሁ። ራጀብ መብራቱን ይዞ ቆሞ ነበር።

ያድጋር ተቀምጦ ነበር።

ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ፊቱን ውሃው ወደሚመጣበት አድርጎ። ናዳው ከፊቱም ከኋላውም ዘግቷል እንጂ እሱን አልነካውም። ልብሱ ከፊሉ አልተበላም። መቆፈሪያው በጎኑ ተኝቷል። መብራቱን በግድግዳው ጎድጓዳ ላይ በሥርዓት አስቀምጦታል፤ ከሥሩ የደረቀ ዘይት አለ። ዘይቱ ሳያልቅ፣ አየር አጥሮት ነው የጠፋው።

ራጀብ አየኝ። እኔም የሚያስበውን አሰብሁ። ሦስት ቀን ቆፍረን የተውነው ሰው ሲቀመጥ ሕያው ነበር። ስንት ሰዓት፣ ስንት ቀን፣ አላህ ያውቃል።

«ለማህለቃ ምን እንላታለን?» አለኝ።

«ያየነውን።»

ካባዬን አንጥፈን አጥንቱን አንድ በአንድ ሰበሰብን። አጥብቀን ሳይሆን አላልተን አሰርነው። ኻኑና ጎርጋሊ መዘውሩን አዞሩ። መዘውር እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲዞር አላየሁም፣ ሲጮኽም አልሰማሁም። ራጀብ ከታች ቆሞ ገመዱ ከእጁ እስኪርቅ ድረስ በመዳፉ ሸኘው።

እኔ ስወጣ ማህለቃ ቆማ ነበር። ጥቅሉን በእጇ ሰጠኋት፤ ውሉ እንዲያ ይላልና። ቀላል ነበር። ተቀምጦ አገኘነው አልኋት። ጥቅሉን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ሲደክመው እንዲያ ነበር የሚቀመጥ፣» አለች።

የተረዳች ይመስለኛል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉም ያወቀችው ይመስለኛል።

ራጀብ ከታች የቀረውን ጭቃ ወጋው። ድምፁን በጉድጓዱ ሰማን፣ እንደ ረጅም ትንፋሽ። ወደ ቺናሩ ስንደርስ ውሃው ገና አልመጣም ነበር። ከዚያ እንደ ጡብ የቀላ ውሃ መጣ፣ ከዚያ ሻይ መሰለ፣ ከዚያ ጠራ። ቁርጭምጭሚቴን አለፈ፣ ጉልበቴ ደረሰ። ሰው ማሰሮና ባልዲ ይዞ ሮጠ። ሴቶች እልል አሉ። ፀጉር ቆራጩ ከነልብሱ ገባ። ማህለቃ ጥቅሉን ከፊቷ አድርጋ ከዛፉ ሥር ተቀምጣለች፤ ውሃውን አላየችውም።

ያን ጊዜ አንድ ፈረሰኛ መጣ። መርማሪው ቀኑን አስቀድሟል፣ ከመግሪብ፣ ከፀሐይ መጥለቂያ፣ በፊት ሳንጋብ ይገባል አለ። የኻኑ ግቢ ገንዳ ደረቅ ነበር፣ የፈረሶቹም ማጠጫ ደረቅ ነበር። ኻኑ ወደኔ ሮጦ መጣ፣ ጭቃው እስከ ጢሙ ነው፤ ውሃውን ሁሉ ወደ ገንዳው ልቀቀው አለኝ።

የቺናሩን ጥላ አየሁ። ተራ ለመለየት ከተቀረጸው ድንጋይ ላይ ደርሷል። ተራው የኔ ነበር። በዚያ ዙር ያለኝ ሦስት ጣሳ ነው።

ሙላ ቆርባን በዚያው ሰዓት እጅጌውን ጠቅልሎ ሟች ከሚታጠብበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሟች በሦስት ውሃ ይታጠባል፤ በቁርቁራ ቅጠል ውሃ፣ ካፉር የሚባል ሽቶ በገባበት ውሃ፣ በንጹሕ ውሃ። ውሃው ደግሞ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከሆነ መታጠቡ አይቆጠርም። ስለዚህ ሙላው እንደ ሥርዓቱ ጠየቀ።

«ይህ ውሃ የማን ነው?»

«የያድጋር፣» አልሁ።

ሁለቱም አዩኝ። ለኻኑ ነገርሁት፤ በአጭሩ። ሦስት ጣሳ፣ በአሰድ፣ በጥንቸል ዓመት። ኻኑ ጭቃውን ከጢሙ ጠረገ። ወደ መንገዱ አየ። ከዚያ ሚርዛ ዘይናልን ጠርቶ፣ ወደ መንገዱ ውጣና መርማሪውን ተቀበል፣ ሰላምታህን አርዝመው አለው። ሚርዛ ዘይናል ለዚህ የተፈጠረ ሰው ነው። የመርማሪውን አባት፣ አያት፣ የፈረሱንም ዘር እያወደሰ በፀሐይ አቆመው ይላሉ። ሰውየው ሲገባ ገንዳው እስከ ወገቡ ሞልቶ ነበር፤ ፈረሶቹ ጠጡ፣ ወንበሩም ባለበት ቀረ። ይህ ግን በኋላ የሆነ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ማህለቃ ልታጥበው ተነሣች። ሙላ ቆርባን ሳል ሳል አለው። ሚስት ባሏን ማጠብ ይፈቀድላታል፣ አለ፤ ዳሩ ግን መህሯን ተቀብላለች፣ እንግዲህ የሌላ ሚስት ናት፣ ይህን በመጽሐፍ አላየሁትም አለ። ማህለቃ በቆመችበት ቀረች። ያን ቀን ፊቷ ሲለወጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ኻኑ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«የሙሽራው ወኪል እኔ አይደለሁም?» አለ ቀና ሳይል። «ሙሽራው ፈቅዷል።»

ወንዶቹ ጀርባቸውን አዞሩ። እኔም ጀርባዬን አዙሬ ጣሳዬን በጋኑ ላይ አኖርሁ፣ ቦዩንም ወደ ድንጋዩ ከፈትሁ። የቁርቁራው ቅጠል ሲወቀጥ ሰማሁ። ውሃው በድንጋዩ ላይ ሲወርድ ሰማሁ። ማህለቃ እያጠበች ዝቅ ባለ ድምፅ ታወራለች። ለእሱ ነው የምታወራው፣ አላዳመጥሁም። የመጀመሪያዋ ሰጠመች። አውጥቼ መልሼ አንሳፈፍኋት። የካፉር ሽታ መጣ። ሁለተኛዋ ሰጠመች። በሦስተኛዋ ንጹሕ ውሃ ብቻ ነበር፣ ድምፁም ጠራ። በጋኑ ውስጥ ጣሳዋ ከንፈሯ ድረስ ስትደርስ አየኋት። እጄን አልዘረጋሁም። ሰጠመች።

እጥፋቱ ቢጫ የሆነው ነጭ ጨርቅ ሲዘረጋ ሰማሁ።

«ወንድም ኢማምቆሊ፣» አለች ከኋላዬ፣ «ውሃህ ደርሶናል።»

ወደ ድንጋዩ የከፈትሁትን ቦይ በአፈር ዘጋሁ፣ የኻኑን ከፈትሁ።